ኤም ጂ ቢ ሲገዛ ከሞተሩ በፊት አካሉ ሊመረመር ይገባል

በእንግሊዝ አቢንግደን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 የተመረተው ኤም ጂ ቢ የስፖርት መኪና ከ500 ሺህ በላይ ለገበያ ቀርቧል። መኪናው ራሱን የቻለ ሻንሲ ስለሌለው ጭነቱን የሚሸከመው አካሉ ነው። በመሆኑም ከበሮቹ ሥር ያለው ክፍል በዝገት ከተበላ የሞተሩ ጥንካሬ ብቻ ገዢውን ከከፍተኛ ወጪ አያድነውም።

በብሪታንያ እርሳስ ያለው ቤንዚን አጠቃላይ ሽያጭ እ.ኤ.አ. በ2000 በመታገዱ፣ የቫልቭ መቀመጫዎችን በጠንካራ ብረት መተካት ከዋነኞቹ ማሻሻያዎች አንዱ ሆኗል። የሞተሩን ጉልበት ማሳደግ የሚሻ ባለንብረት ግን አስቀድሞ ፍሬኑን ማጠናከር ይኖርበታል።

የአገሪቱ ሕግ ከ40 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ መኪኖችን ከዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ነፃ ቢያደርግም፣ ባለፉት 30 ዓመታት መሠረታዊ ለውጥ የተደረገባቸውን አይጨምርም። ከምርመራው ነፃ መሆንም ባለንብረቱን መኪናውን ለመንገድ ብቁ አድርጎ ከመያዝ ኃላፊነት አያወጣውም።