የውሃ መንገድ ዕቃ ከማን ዘንድ ይገዛል

ልጆች ሆይ ፤ በገበያ የሚሸጠው ዕቃ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እንስራ ገዝታችሁ ቀዳዳ ቢገኝበት የሚፈስሰው ውሃ ነው ፤ ሌላ ውሃ ይቀዳል። ጫማ ገዝታችሁ ቶሎ ቢቀደድ እግር ይቈስላል ፥ ቍስሉም ይድናል። ታንኳ ገዝታችሁ በባሕር መካከል ማሰሪያው ቢፈታ ግን የሚጠፋው ገንዘባችሁ ብቻ አይደለም። ስለዚህ በውሃ ላይ የሚሄድ ሰው ወደ ገበያ በወጣ ጊዜ አስቀድሞ «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ አይጠይቅም ፤ «ይህን የሠራው ማን ነው? የሚሸጥልኝስ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ። ይህንም ለመረዳት የጣናን ሐይቅ እንመልከት።

ጣና በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ይበልጣል። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው ፤ የሚገኝበትም ስፍራ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። ጥልቀቱ ግን ብዙ አይደለም ፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ነገር ግን «ጥልቅ አይደለምና አያሰጋም» የሚል ሰው ተሳስቷል። ዋና የማያውቀውን ሰው ለማስጠም 2 ሜትር ውሃ ይበቃልና። ደግሞም ጥልቀት በሌለው ሰፊ ውሃ ላይ ነፋስ በተነሣ ጊዜ ማዕበሉ አጫጭርና ተከታታይ ሆኖ ታንኳን ያለ ዕረፍት ይመታል። ስለዚህ ብልህ ቀዛፊ ነፋሱ ሳይበረታ በማለዳ ይነሣል። በሐይቁ ውስጥ ደቅን የመሰሉ ከ30 በላይ ደሴቶች አሉ። የደሴት ሰው ለገበያም ፥ ለሕክምናም ፥ ለልቅሶም ቢሆን ውሃውን ሳይሻገር አይሆንለትም። ዛሬ ብዙ ሰው በሞተር ጀልባ ይሄዳል ፤ ዓሣ አጥማጁና እንጨት ጫኙ ግን እስከ ዛሬ በደንገል ታንኳ ይቀዝፋሉ።

ደንገል በውሃ ዳር የሚበቅል ረጅም ተክል ነው። ግንዱ ሦስት ማዕዘን ያለው ነው ፤ ውስጡም ነጭና ቀላል ፥ አየር የሞላበት ነው። ይህ አየር ነው ታንኳውን የሚያንሳፍፈው። ደንገሉ ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል ፤ በነዶ በነዶ ይታሰራል ፤ ነዶዎቹም እርስ በርሳቸው በልጥ ወይም በገመድ ተጠፍረው ታንኳ ይሆናሉ ፤ አፍንጫውም ወደ ላይ ይቀለበሳል። እንግዲህ የደንገል ታንኳ እንደ ገበታ ጎድጎድ ብሎ ውሃን የሚከለክል አይደለም ፤ እንደ ጭድ ክምር በውሃ ላይ የሚተኛ ነው። ውሃም ቀስ በቀስ ወደ ደንገሉ ውስጥ ይገባል ፤ ታንኳውም ከቀን ወደ ቀን እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ ቀዛፊው ከመንገድ በተመለሰ ቍጥር ጎትቶ ያወጣዋል ፥ አቁሞም በፀሐይ ያደርቀዋል። ይህም ሁሉ ተደርጎለት የታንኳው ዕድሜ በወራት እንጂ በዓመታት አይቈጠርም።

አሁን ልብ በሉ። የታንኳ ዋጋ በዕድሜው ነው ፤ ዕድሜው ግን በዓይን አይታይም። አሮጌ ታንኳ ብዙ ቀን በፀሐይ ቢሰጣ ክብደቱን ያራግፋል ፤ በላዩም ጥቂት አዲስ ደንገል ቢደረብበት ትናንት የተሠራ ይመስላል። አዋቂ ሰው ግን ከሥሩ ያለውን ደንገል በአውራ ጣቱ ይጫነዋል። ጤናማው ደንገል ተጭኖ ይመለሳል ፤ የበሰበሰው ግን ሰርጉዶ ይቀራል ፥ ይፈረፈራልም። ማሰሪያውንም አንድ በአንድ ይስበዋል። እናንተ ግን ገና ይህን ሁሉ አልተማራችሁም ፤ ከምትገዙት ሰዎችም ብዙዎቹ እንደ እናንተ ናቸው። የማያውቅ ሰው የሚታመነው በዕቃው ሳይሆን በሻጩ ነው። ለዚህ ነው አስቀድሞ ሻጩን መምረጥ የሚያስፈልገው።

በጣና ዳር ታንኳ በመሥራት ከጥንት ጀምሮ የታወቁት ራሳቸውን ነገደ ብለው የሚጠሩ ፥ ሌሎች ግን ወይጦ የሚሏቸው ሰዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች የጉማሬ ሥጋ ይበሉ ነበርና ጎረቤቶቻቸው ይጸየፏቸው ነበር ፤ ንቀቱም እስከ ዛሬ ፈጽሞ አልጠፋም። አንዳንድ ሰው ወደ ሠሪው መንደር መሄድን ይንቅና ያንኑ ታንኳ ከመንገድ ላይ ከቸርቻሪ ይገዛል። ምን አተረፈ? ዋጋ ጨመረ ፤ ታንኳው መቼ እንደ ተሠራ የሚያውቀውንም ሰው ሳያገኝ ቀረ። ቸርቻሪ ሁሉ ሐሰተኛ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ቸርቻሪው እውነተኛ ቢሆን እንኳ ያልሠራውን ዕቃ ምን ብሎ ይመሰክራል? ሠሪው ግን ደንገሉን ያጨደበትን ቀን ያውቃል ፤ ነገም በዚያው በውሃው ዳር ይገኛል። ክፉ ታንኳ የሸጠ እንደ ሆነ ገዢው ተመልሶ በደጁ ይቆማል።

ደግ ሻጭ የሚታወቅበት ሌላ ምልክት አለ። ይኸውም ዕቃውን ከማመስገኑ በፊት ገዢውን መጠየቁ ነው። እስኪ አንድ ጎልማሳ ታንኳ ሊገዛ ወደ አንድ ሽማግሌ መጣ እንበል።

«አባቴ ፥ ይህን ትንሹን ስንት ይሉኛል?»

«ልጄ ፥ ዋጋውን ቆይ። ምን ልትጭንበት ነው?»

«እንጨት ነው።»

«ከወዴት ወዴት?»

«ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር።»

«እንግዲያስ ይህ አይሆንህም። ይህ አንድ ሰውና መረቡን እንጂ እንጨት አይሸከምም። ትልቁን ግዛ ፤ ገንዘብህ ካልደረሰ ሰብስበህ ተመለስ።»

ይህ ሽማግሌ በዚያ ቀን ሳይሸጥ ዋለ። ልጆች ፥ ከሁለት ሻጮች አንዱን መምረጥ ቢቸግራችሁ «ይህ ለአንተ አይሆንም» ለማለት የሚደፍረውን ምረጡ።

ዕቃው ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ ብቻ እንዳይበቃ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። ቶር ሄየርዳል የሚባል የኖርዌይ ሰው የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ ታላቁን ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ነበር ለማሳየት ፈለገ። ደንገሉን ከጣና አስመጣ። ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎችም በግብጽ አገር በፒራሚዶች አጠገብ መርከቡን ሠሩለት ፤ ስሙም ራ ተባለ። በ1961 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ1969) ከሞሮኮ ተነሥቶ ከሰባት ሳምንት በላይ ተጓዘ ፤ ነገር ግን ኋለኛው ጫፉ እየሰመጠ ፥ ማሰሪያውም እየተበጠሰ ሄደና ሰዎቹ ሳይደርሱ ትተውት ወጡ። በጥንታዊ የግብጽ ሥዕል ላይ የመርከቡን ቀና ያለ ጫፍ ወደ ወለሉ የሚስብ አንድ ገመድ ይታያል። ይህ ገመድ ጫፉ እንዳይወድቅ የሚይዝ ኖሮ ጥቅሙ አስቀድሞ አልታወቀም ነበር። የቻድ ሰዎችን መውቀስ አይገባም ፤ በአገራቸው ሐይቅ የሚሠሩት ታንኳ እንዲህ ያለ ከፍ ያለ ኋላ የለውምና። በሚመጣው ዓመት ሄየርዳል ዳግመኛ ሌላ መርከብ አሠራ። ሠሪዎቹ ከቦሊቪያ ፥ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ነበሩ ፤ እነርሱም ሁለቱ ጫፎች ወደ ላይ የቀኑ የቄጠማ ታንኳ ማሰርን ከአባቶቻቸው የተማሩ ናቸው። ዳግማዊው ራ በ57 ቀን ውቅያኖሱን ተሻግሮ ባርባዶስ ደረሰ። የሁለቱም መርከቦች ደንገል የኢትዮጵያ ደንገል ነበረ።

በዘመናችን ደግሞ ውሃ የሚሻገር ሰው የሚያስፈልገው ሌላ ዕቃ አለ ፤ እርሱም ላይፍ ጃኬት የሚባለው ተንሳፋፊ ሰደርያ ነው። ይህ በሠሪው ደጅ አይገኝም ፤ ከውጭ አገር መጥቶ በከተማ ይሸጣል። አንዳንዱ በስፖርት ዕቃ ሱቅ ፥ አንዳንዱም በልባሽ ጨርቅ ተራ ይገኛል። በልባሽ ተራ ዋጋው ይረክሳል ፤ ግርግር ግን ለሌባ ይመቻል ፥ የዛሬውም ሻጭ በማግስቱ በዚያ ስፍራ ላይገኝ ይችላል። ከዚህም በላይ አሮጌው ሰደርያ በውስጡ ያለው ስፖንጅ ስንት ሰው ተቀምጦበት እንደ ተጨፈለቀ አይታወቅም ፤ የተጨፈለቀም ስፖንጅ እንደ አዲሱ አያንሳፍፍም። ስለዚህ የታንኳው ምክር እዚህም ይሠራል ፤ ቋሚ በር ካለው ፥ ደረሰኝ ከሚሰጥ ፥ ዕቃ መልሶ ከሚቀበል ሱቅ ግዙ።

በሰደርያው ውስጥ የተሰፋውን ጽሑፍ እንዲያነብላችሁ ሻጩን ጠይቁት። 50 ኒውተን የሚል የተጻፈበት ዋና ለሚያውቅና ለዳር ቅርብ ለሆነ ሰው ነው ፤ 100 የሚለው ዋና ለማያውቅም በረጋ ውሃ ላይ ይሆናል ፤ 150 የሚለው ለባሕር ነው። መቶው ኒውተን 10 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ያነሣል ማለት ነው። «ታዲያ እኔ ከ10 ኪሎ በላይ እመዝናለሁ» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን በውሃ ውስጥ ያለውን ሰው አብዛኛውን ክብደቱን ውሃው ራሱ ይሸከመዋል ፤ የሚቀረው ጥቂት ነው። ይህን የማያስረዳና «ሁሉም አንድ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ወደ ሌላ ሱቅ እለፉ። በአፍ ተነፍቶ ለጨዋታ የሚሆነውንም ባለ ሥዕል የልጆች ሰደርያ ለመንገድ አትግዙ ፤ በሾለ ነገር ቢወጋ ወዲያው ይሟሽሻልና።

ልኩንም ፈትኑ። ልጁ ሰደርያውን ለብሶ ማሰሪያውን ሁሉ ካጠበቀ በኋላ ሌላ ሰው በትከሻው በኩል ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። ሰደርያው እስከ ጆሮ ከወጣ ሰፊ ነው ፤ በውሃም ውስጥ ልጁን ትቶ ብቻውን ይንሳፈፋል።

ገመድ የሚገዛ ሰው ጫፉን ፈትቶ ውስጡን ይይ ፤ ከላይ ያማረ ከውስጥ የተቀጠለ ገመድ አለና። ስለ ልብስ ብዙ አልናገርም። ጋቢ በየብስ የሚያሞቅ መልካም ልብስ ነው ፤ ውሃ ከጠጣ ግን እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ በታንኳ ላይ ተጣጥፎ ይቀመጥ እንጂ ተጠምጥሞ አይለበስ።

ታንኳውን ከመረጣችሁ በኋላ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ውሃው እስከ ጉልበት በሚደርስበት ስፍራ እንዲፈተን ለምኑ። ሻጩ ራሱ አብሯችሁ ይቀመጥበት ፤ ልትጭኑ ያሰባችሁትን ያህል ድንጋይ ወይም እንጨት ይጫንበት ፤ ጥቂትም ይቀዘፍበት። ከዚያ ወደ ዳር አውጥታችሁ ከሥሩ ያሉትን ማሰሪያዎች እንደ ገና ሳቡ። በሥራው የሚተማመን ሠሪ ይህን ሲጠየቅ አይቈጣም ፤ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ራሱ መቅዘፊያውን አንሥቶ ወደ ውሃው ይገባል።