በአየር ላይ የታጠረ መሬት

ታጥሮ ስለተቀመጠ መሬት ለአዲስ አበባ ነዋሪ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። በቆርቆሮ ተከልሎ፣ ሣር በቅሎበት፣ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ አንድ ብሎኬት የማይጣልበት ቦታ በየሰፈሩ አይተናል። አልሚው ገንዘብ እያፈላለግሁ ነው ይላል፣ አስተዳደሩ ማስጠንቀቂያ ሰጥቻለሁ ይላል፣ ቆርቆሮው ይዝጋል፣ ቦታው እንዳለ ይከርማል። በዛሬው ጽሑፌ የማወሳው በዓይን ስለማይታይ፣ ነገር ግን ልክ እንደዚያ ቦታ ሊታጠርና ጦሙን ሊያድር ስለሚችል ሌላ ‹‹መሬት›› ነው። ሞባይላችን፣ ሬዲዮናችን፣ ቴሌቪዥናችንና የአውሮፕላኖች መገናኛ ሁሉ የሚሠሩበትን የሬዲዮ ሞገድ፣ ባለሙያዎቹ ስፔክትረም የሚሉትን ሀብት ማለቴ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ አየር ላይ የሚንሳፈፍ ሞገድ እንዴት የንብረት ጉዳይ ይሆናል? በአንድ ከተማ ሁለት የኤፍ ኤም ጣቢያዎች በአንድ ቁጥር ላይ ቢያሰራጩ አድማጩ የሚሰማው ሁለቱንም ሳይሆን ጩኸት ነው። ስለዚህ አንድ አካል ‹‹ይህ የአንተ፣ ያ የእሷ›› ብሎ ማካፈል አለበት፤ ያ አካል በሁሉም አገር ማለት ይቻላል መንግሥት ሆኗል። በሕግ ትምህርት ቤት ስለ ንብረት ስንማር ምሳሌዎቻችን በሬ፣ ቤትና የእርሻ ማሳ ነበሩ። ሞገድ ግን ከነዚህ ከአንዱም ጋር አይገጥምም። ባለፈቃዱ የሞገዱ ባለቤት አይሆንም፤ የሚያገኘው ለተወሰኑ ዓመታት ሌላው እንዳይገባበት የመከልከል መብት ነው። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት መተዳደሪያ፣ በአንቀጽ 44፣ ሞገድን ውስን የተፈጥሮ ሀብት ይለዋል፤ በአግባቡና በቁጠባ ሥራ ላይ እንዲውልም ያዛል። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብትን የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ያደርጋል። ሞገድን በስም ባይጠራውም በእኔ አስተያየት ከዚህ ውጪ ሊሆን አይችልም።

ሞገድን ከመሬት የሚለየው አንድ ጠባይ ግን አለ። ዘንድሮ ያልተሠራበት መሬት ለከርሞ ይቆያል። ሞገድ እንደ ሆቴል አልጋ ነው፤ ዛሬ ማታ ያልተከራየ አልጋ የዛሬ ማታ ገቢው ቀርቷል፣ ነገ ሁለቴ ሊከራይ አይችልም። ሥራ ሳይሠራበት ያለፈ የሞገድ ዓመትም ለማንም ሳይጠቅም የጠፋ ዓመት ነው። ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ስለ ሞገድ አስተዳደር የሚነገረው አብዛኛው ነገር መንግሥት ከጨረታ ስላገኘው ገንዘብ ሲሆን፣ ስለዚህ ስለጠፋው ሀብት የሚያወራ ግን እምብዛም ነው።

ሞገድ ሁሉ እኩል አለመሆኑንም ማወቅ ያሻል። ከ700 እስከ 900 ሜጋኸርዝ ያለው ዝቅተኛው ሞገድ ሩቅ ይጓዛል፣ ግድግዳም አልፎ ይገባል። ከ2,000 ሜጋኸርዝ በላይ ያለው ብዙ መረጃ ይሸከማል፣ ነገር ግን ቶሎ ይደክማል። ለከተማ ሁለተኛው ይበጃል። ገበሬው ተራርቆ በሰፈረበት፣ አንድ ማማ ለማቆም መንገድ መጥረግ፣ ጄኔሬተር መትከልና ዘበኛ መቅጠር በሚያስፈልግበት አገር ደግሞ ዝቅተኛው ሞገድ ወርቅ ነው፤ ጥቂት ማማ ሰፊ ቦታ ይሸፍናልና። አፍሪካውያን ይህን አልሳቱትም። በ2012 ጄኔቫ ላይ በተካሄደው የዓለም የሬዲዮ ኮሙኒኬሽን ጉባዔ፣ ለቴሌቪዥን ተይዞ የኖረው የ700 ሜጋኸርዝ ክልል ለሞባይልም እንዲፈቀድ አጥብቀው የያዙት የአፍሪካና የዓረብ አገሮች ነበሩ። አፍሪካ፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ በሞገድ ክፍፍል አንድ ክልል በመሆናቸው ጉዳዩ አውሮፓውያኑንም የሚነካ ነበር፤ ያልተዘጋጁበት ቢሆንም ተቀበሉት። የአህጉሪቱ ተደራዳሪዎች በዓለም መድረክ ያገኙትን፣ መንግሥታቱ አገር ቤት ምን አደረጉበት? ነገሩ የሚከረው እዚህ ላይ ነው።

በመልካሙ ልጀምር። ናይጄሪያ በ2000 መጨረሻ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዛ የነበራት የስልክ መስመር ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነበር። በወታደራዊው አገዛዝ ዘመን የተሰጡ የሞባይል ፈቃዶች ነበሩ፤ የኦባሳንጆ መንግሥት በ1999 ሥልጣን ሲይዝ ሰረዛቸው። በጃንዋሪ 2001 አቡጃ ላይ በይፋ ጨረታ ወጣ፣ የአንድ ፈቃድ ዋጋም 285 ሚሊዮን ዶላር ላይ ቆመ። ኤምቲኤንና ኢኮኔት ከፈሉ። ሲአይኤል የተባለው ሦስተኛው አሸናፊ በተቆረጠለት ቀን ሳይከፍል ቀረ፤ ፈቃዱንም 20 ሚሊዮን ዶላር የጨረታ ማስከበሪያውንም አጣ። ምክንያት አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ኤርነስት ንዱኩዌ የሚመሩት የናይጄሪያ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ቀኑን አላራዘመም። በእኛ አካባቢ ‹‹እስቲ ትንሽ ጊዜ ይሰጠው›› ሳይባል ማስከበሪያ ሲወረስ ማየት ብርቅ ስለሆነ ነው ይህን ማንሳቴ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ የሞባይል አገልግሎት ለሕዝብ ይሸጥ ነበር። በ2002 ፈቃድ ያገኘው ግሎባኮም በ2003 ሲገባ ደግሞ ደንበኛው የሚከፍለው በደቂቃ ሳይሆን በሰከንድ እንዲሆን አደረገ፣ የቀሩትም ተከተሉት።

ከዚህ ስኬት የአካባቢው የገንዘብ ሚኒስቴሮች የወሰዱት ትምህርት ግን፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ የተሳሳተው ነው። ‹‹ሞገድ ገንዘብ ያመጣል›› የሚለውን ያዙ፤ ቀኑ የማይራዘም፣ ሒደቱ የማይደበቅ ጨረታ መሆኑን ረሱት። ሴኔጋል በ2016 መጀመሪያ የአራተኛው ትውልድ ሞገድ በ30 ቢሊዮን ሴፋ ፍራንክ መነሻ ዋጋ ስታቀርብ ሦስቱም ኦፕሬተሮች አንሳተፍም አሉ። ጋና በ2015 መጨረሻ ሁለት የ800 ሜጋኸርዝ ድርሻዎችን እያንዳንዳቸውን በ67.5 ሚሊዮን ዶላር መነሻ ዋጋ አወጣች፤ የከፈለው ኤምቲኤን ብቻ ነው። የሁለተኛው ድርሻ ግማሽ ለቮዳፎን የተሸጠው በ2018 መጨረሻ፣ በ30 ሚሊዮን ዶላር ነው። ያቺው ናይጄሪያ እንኳ በ2016 የ2.6 ጊጋኸርዝን 14 ድርሻዎች ስታወጣ ብቸኛው ተጫራች ኤምቲኤን ስድስቱን በ96 ሚሊዮን ዶላር ወሰደና ስምንቱ ፈላጊ አጡ። መነሻ ዋጋ ሲሰቀል ትልቁ ድርጅት ይገዛል፣ ትንንሾቹ ይቀራሉ፣ ውድድሩ ይቀጭጫል። ያልተሸጠው ደግሞ ይታጠራል። አጣሪው በዚህ ጊዜ ባለሀብቱ ሳይሆን መንግሥት ራሱ ነው!

ለአንድ የሕግ ሰው ግን ከሁሉም የሚያስተምረው የደቡብ አፍሪካ ታሪክ ነው። ጠንካራ ፍርድ ቤት፣ ነጻ ተቆጣጣሪና ሀብታም ኦፕሬተሮች ያሏት ይህች አገር፣ ተፈላጊውን ሞገድ ለማከፋፈል ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀባት። ኢካሳ የተባለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2010 ሞከረ፣ አልሆነም። በ2016 ጨረታ ሲያወጣ የራሱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ሚኒስትር ፍርድ ቤት ከሰሱት፣ የዕግድ ትዕዛዝም አገኙ። ምክንያቱ ሚኒስቴሩ ሞገዱን ለኦፕሬተሮች ከመሸጥ ይልቅ ሁሉም በጅምላ የሚከራዩት አንድ የጋራ ኔትወርክ እንዲቋቋም የሚል የራሱ ፖሊሲ ስለነበረው ነው። በአንድ ሀብት ላይ ሁለት የመንግሥት አካላት ሥልጣን ሲኖራቸው ሀብቱ የዳኛ ጠረጴዛ ላይ ያድራል።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። በአፕሪል 2020 ሕዝቡ ቤቱ ሲዘጋበት ኢካሳ ያንኑ ሞገድ በጊዜያዊነት አደለ፤ ኦፕሬተሮቹም ሳይውሉ ሳያድሩ ሠሩበት። ለዓመታት ‹‹ውስብስብ ነው›› የተባለው ነገር በሳምንታት ተፈጸመ ማለት ነው። በቋሚነት ለመሸጥ ሲሞከር ግን ቴልኮም ከሰሰ፣ በማርች 2021 የፕሪቶሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አገደ፣ በስምምነት ተፈታ፣ በአዲስ ሰነድ ተጀመረ። በማርች 2022 በመጨረሻ ሲሸጥ 14.4 ቢሊዮን ራንድ አስገኘ፤ አሸናፊዎቹም ትምህርት ቤቶችንና ክሊኒኮችን እንዲያገናኙ ግዴታ ተጣለባቸው። መንግሥት ገንዘቡን አገኘ፤ ሆኖም ያለፉትን ዓመታት የሚመልስ የለም።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ከተሸጠው ዝቅተኛ ሞገድ ላይ የአናሎግ ቴሌቪዥን አሁንም ሰፍሮበት ነበር። በ2006ቱ የጄኔቫ ስምምነት ቴሌቪዥን ወደ ዲጂታል ተሸጋግሮ ቦታውን የሚለቅበት ቀን ጁን 17 ቀን 2015 ነበር። ደቡብ አፍሪካ ቀኑን ብዙ ጊዜ አሳለፈች። በጁን 2022 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሚኒስትሯ የቆረጡትን የመዝጊያ ቀን፣ የሚነካቸውን ወገኖች በበቂ ሳያማክሩ የወሰኑት ነው ሲል ሻረው። ለማርች 2025 መጨረሻ የተቀጠረውም በፕሪቶሪያ ፍርድ ቤት ታገደ። ከሳሾቹን ለመውቀስ አልቸኩልም። ዲኮደር የሚገዛበት የሌላት ድሃ እናት ዜና የምትሰማበት ብቸኛ መስኮት ሊዘጋባት ነውና ፍርዱ ፍትሐዊ ነው። ነገር ግን ያው ሞገድ ቢለቀቅ ኖሮ ርካሽ ኢንተርኔት የምታገኘው የገጠር ልጅም ድሃ ናት። እሷ ፍርድ ቤት አልቀረበችም፣ ጠበቃም አልነበራትም። ዲኮደሩን በጊዜ ለድሆች ማደል የነበረበት መንግሥት ሁለቱን ድሆች አፋጧቸዋል።

ኬንያ በሌላ መንገድ ሄደች። የጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በ2014 ከወሰነ በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2015 ተቆጣጣሪው የትልልቆቹን የግል ጣቢያዎች የአናሎግ ስርጭት ቆረጠ፤ ሲቲዝን፣ ኤንቲቪና ኬቲኤን ከሁለት ሳምንት በላይ ከአየር ጠፉ። ጭካኔ ነበር፣ የፕሬስ ነጻነት ጥያቄም አስነስቷል። ሽግግሩ ግን አለቀ።

የደቡብ አፍሪካው ሚኒስቴር የተመኘውን የጋራ ኔትወርክ የሞከረችው ሩዋንዳ ናት። በ2013 ከኮሪያው ኬቲ ጋር በሽርክና ባቋቋመችው ድርጅት አማካይነት የአራተኛውን ትውልድ አገልግሎት በጅምላ የመሸጥ ብቸኛ መብት ለአንድ ኔትወርክ ሰጠች። ሽፋኑ ብዙም ሳይቆይ አገሪቱን ከሞላ ጎደል አዳረሰ። ችግሩ ኦፕሬተሮቹ ከጅምላ ሻጩ እየገዙ ለደንበኛ መቸርቸር አለማዋጣቱ ነበር። በ2023 ብቸኛነቱ ቀረ፣ ኤምቲኤንም የራሱን ዘረጋ። ያልተሳካ ሙከራ ቢሆንም አገሪቱ ስህተቱን በውሉ 25 ዓመት ሳትጠብቅ በማረሟ አከብራታለሁ።

ድንበርም ሌላ ጣጣ ነው። ሞገድ ፓስፖርት አያውቅም። ኪንሻሳና ብራዛቪል በኮንጎ ወንዝ ማዶ ለማዶ የሚተያዩ ሁለት ዋና ከተሞች ናቸው፤ አንዱ የሚያስተላልፈው ሌላው ጋ ይሰማል። አንዱ መንግሥት ለሞባይል በሰጠው ሞገድ ላይ ጎረቤቱ ቴሌቪዥን ካሰፈረ፣ የገዛው ኦፕሬተር የገዛው ጩኸት ነው። መቀመጫውን ናይሮቢ ያደረገው የአፍሪካ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አባላቱን ለማስማማት ይሠራል፣ የማስገደድ ሥልጣን ግን የለውም።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ ሞገድ ገበያ ላይ የዋለበት ጊዜ ቅርብ ነው። በብቸኛ ኦፕሬተር ዘመን ማን ከማን ይሻማል? በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 (ይህ በእኛው አቆጣጠር ነው) የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ። በሜይ 2021 ሁለት ፈቃዶች ለጨረታ ቀርበው በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት አንዱን በ850 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ፤ በኦክቶበር 2022 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። ኤምቲኤን ለሁለተኛው ያቀረበው 600 ሚሊዮን ዶላር አነሰ ተብሎ ሳይቀበሉት ቀሩ። በ2023 ፈቃዱ እንደገና ወጣ፣ አሁንም ሳይሸጥ ቀረ። 600 ሚሊዮኑን አለመቀበል ስህተት ነበር ብዬ አልደመድምም፤ የመንግሥት ሀብት በርካሽ ሸጠ መባልን የሚፈራ ሹም ይገባኛል። በሒሳቡ ላይ ግን የተነፈገው አገልግሎትም፣ ያልተተከለው ማማም፣ ያልወረደው ታሪፍም መግባት ነበረባቸው። የትውልድ ቀዬዬ ሰዎች ዛሬም ስልክ ለመደወል ኮረብታ ይወጣሉ፤ ሒሳቡ ለእነሱ ተራ ቁጥር አይደለም።

የመሬት ሊዝ ሕጋችን በውሉ ጊዜ ያልገነባ ሰው ቦታውን እንደሚነጠቅ ይደነግጋል፤ አፈጻጸሙ ሌላ ጉዳይ ነው። ለሞገድም የሚያስፈልገው ተመሳሳይ አንቀጽ ነው። በዚህን ያህል ወር ውስጥ በዚህን ያህል ወረዳ ያልሠራበት የያዘው ይመለሳል፣ ቀኑም እንደ አቡጃው አይራዘምም የሚል። ከዋጋው ላይ ጥቂት ቀንሶ በምትኩ የገጠር ማማ ማስቆጠርም ይቻላል። የትኛው ሞገድ በማን እጅ እንዳለ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የያዙትን ጨምሮ፣ ማንም ዜጋ የሚያየው መዝገብ ሊኖር ይገባል፤ ለጸጥታ ተብሎ የሚደበቅ ይኖራል፣ ሁሉም ግን ጸጥታ አይደለም። የሦስተኛው ኦፕሬተር ጨረታ ዳግም የወጣ ዕለት ሰነዱን ስከፍት መጀመሪያ የምፈልገው የመነሻ ዋጋውን ሳይሆን ይህን የመንጠቂያ አንቀጽ ነው።