ስሙ ያልተጻፈ ባለእጅ፦ የጣና መጻሕፍት ማኅደር

ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴቶቹ የሚሻገር ጎብኚ በየዕቃ ቤቱ የሚገጥመው ነገር ተመሳሳይ ነው። ጠባቂው የብራናውን መጽሐፍ ይገልጣል፣ ሐረጉንና ሥዕሉን ያሳያል፣ ስለ ቀለሙ ይናገራል፤ መጽሐፉ የወጣበት የቆዳ ማኅደር ግን ከኋላው ኩላብ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ የሚጠይቅለትም የለም። እኔ የምከራከረው ለዚህ ለተንጠለጠለው ነው። የጣና ገዳማት መጻሕፍት ለእኛ የደረሱት በጸሐፊው ብርታት ብቻ ሳይሆን በማኅደር ሰፊውም ብልሃት ነው፤ የዚህ ባለእጅ ድርሻ የተዘነጋውም ሥራው ትንሽ ስለሆነ አይደለም፣ የቆዳ ሥራ የተናቀ ስለነበረ ነው።

ማኅደሩ ሁለት ክፍል አለው። ታችኛው መጽሐፉን ውጦ የሚይዝ ኪስ ነው፤ ላይኛው እንደ ቆብ የሚደፋ ክዳን ነው። ማንገቻው ከኪሱ ጎን ተነሥቶ በክዳኑ ውስጥ ስለሚያልፍ ክዳኑ ወደ ላይ ይንሸራተታል እንጂ ከማኅደሩ አይለይም። በበቅሎ ጀርባ ወይም በደንገል ታንኳ ለሚጓዝ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሚጠፋ ክዳን፣ የሚላላ ቁልፍ፣ የሚዝግ ማጠፊያ የለውም። መሣሪያው ወስፌ፣ ካራና ጠፍር ነው። ልኩ ከመጽሐፉ ይወሰዳል፦ ሁለቱ የእንጨት ገበታዎች፣ በላያቸው የለበሰው ድጉስ ቆዳ፣ የጥራዙ ውፍረት። ሰፊው ቢያጠብበው መጽሐፉ በወጣና በገባ ቁጥር የገበታው ጠርዝ ይላጣል፤ ቢያሰፋው መጽሐፉ ውስጡ እየተንገላታ ስፌቱ ይላላል። ሙያው ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለችው ጠባብ ልክ ላይ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በምዕራብ አሜሪካ የሽጉጥ አፎት ይሰፉ የነበሩ ባለእጆችም ያንኑ ጥያቄ ይዘው ይሠሩ ነበር፦ ከባድና ውድ ዕቃ ከተጓዥ ሰው አካል ጋር እንዴት ይታሰር? በዛፍ ልጣጭ የለፋውን ወፍራም ቆዳ አርጥበው በመሣሪያው ቅርጽ ይጫኑታል፤ ሲደርቅ ቅርጹን ይይዛል። ከ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተለመደው አሠራር ደግሞ አፎቱን ከነጀርባው ከአንድ ቁራጭ ቆዳ ቆርጦ፣ ጀርባውን አጥፎ፣ አፎቱን በጀርባው ላይ በተቀደዱ ማለፊያዎች መልሶ መሰካት ነበር። ልዩነቱ ከዓላማው ይመጣል። የእነሱ አፉ ክፍት ነው፣ እጅ ፈጥኖ እንዲገባ፤ የእኛ ማኅደር ደግሞ ዝግ ነው፣ መጽሐፍ ለመምዘዝ የሚቸኩል ሰው የለምና። በአገራችን የጎራዴ አፎት፣ የጥይት ዝናርና ኮርቻ የሚሰፋ እጅም ሥራው ከማኅደር ሰፊው የራቀ አይደለም።

ማኅደሩ የመጽሐፍ ቤቱንም መልክ ወስኗል። ሮበርት ከርዘን የተባለ እንግሊዛዊ መንገደኛ እ.ኤ.አ. በ1837 በግብፅ በረሃ ወዳለው የሶርያውያን ገዳም ሄዶ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት መጽሐፋቸውን የሚያኖሩበትን ክፍል አይቶ ነበር። በ1849 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ መጻሕፍቱ በመደርደሪያ የቆሙ ሳይሆኑ ከግድግዳው በወጡ ረጃጅም የእንጨት ኩላቦች ላይ በማንገቻቸው የተሰቀሉ ነበሩ። ኩላብና ማንገቻ ካለ መደርደሪያ አያስፈልግም። መሬቱ ቢረጥብ መጽሐፉ አይነካም፤ ምስጡም አይጡም በቀላሉ አይደርስበትም፤ እሳት ወይም ጠላት ቢመጣ አንድ ሰው በሁለት ትከሻው ብዙ መጽሐፍ አንግቶ ይወጣል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአህመድ ግራኝ ጦርነት ጊዜ የየብሱ አብያተ ክርስቲያናት ንዋየ ቅድሳት ወደ ጣና ደሴቶች ሸሹ ሲባል፣ ሽሽቱ የሚቻል የሆነው በእንዲህ ያለ አያያዝ መሆኑን ማሰብ ይገባል።

መጻሕፍቱን ያቆየው ደጋው አየርና የመነኮሳቱ ትጋት እንጂ ቆዳ አይደለም የሚል ሊኖር ይችላል። የከፍታው አየር መርዳቱ እውነት ነው፤ ጣና ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር ይጠጋል። ነገር ግን የሐይቅ ዳር ክረምት ለብራና የተመቸ አይደለም፤ ብራና እርጥበት ሲያገኝ ይኮማተራል፣ ይጣመማል። ትጋትም ቢሆን በባዶ እጅ አይሠራም፤ የመነኮሳቱ ትጋት በእጅ የሚጨበጥ መልክ ያገኘው በማኅደሩ ነው። ከዚህ የሚከብደው የጥገና ባለሙያዎች ትችት ነው፦ ጠባብ ማኅደር ጠርዝ ይፍቃል፣ እርጥበት ገብቶ ከቀረበትም ይዞ ያስቀራል ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ነገር ግን ትችቱ የሚነካው ልኩን የሳተውን ወይም ያረጀውን ማኅደር ነው። በማኅደሩ ላይ የምናየው ጭረት፣ የዝናብ ምልክትና የአይጥ ጥርስ ሁሉ መጽሐፉ ላይ ያላረፈ ጉዳት ነው። ማኅደር ሲያልቅ ሌላ ይሰፋል፤ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ወንጌል ግን ሌላ አይገኝለትም። የዛሬ ጠጋኞችም ቢሆኑ ለየመጽሐፉ በልኩ የተቆረጠ ሣጥን ይሠራሉ፤ ቁሳቁሱ ተለወጠ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

እንግዲህ የሰፊው ስም የት ሄደ? የትሕትና ባህል ነው፣ ገዳም ስም አይሻም የሚለው መልስ አያጠግበኝም። ብዙ ጸሐፍት በመጽሐፉ ማብቂያ ስማቸውን ያኖራሉ፣ አንባቢው እንዲጸልይላቸውም ይለምናሉ፤ ያስጻፈው ሰው ስምም አብሮ ይሰፍራል። ትሕትናው ለጸሐፊውና ለባለጸጋው ሳይሆን ለሰፊው ብቻ የተደለደለ ከሆነ ሌላ ስም ይሻል። በአሜሪካ ዴንቨር የነበረው የሃይዘር የቆዳ ሥራ ቤት በሰፋው የሽጉጥ አፎት ላይ ማኅተሙን ይመታ ነበር፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች ያንን ማኅተም ፈልገው ይገዛሉ። በእኛ ዘንድ ቆዳ አልፊው ከማኅበራዊው መሰላል ግርጌ ተቀምጦ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር ያሳያል። ማኅደሩን አንዳንድ ጊዜ ራሱ ጸሐፊው ወይም መነኩሴው ይሰፋ ነበር ቢባልም ክርክሬ አይፈርስም፤ በአንድ እጅ ከተሠሩት ከሁለቱ ሥራዎች ጽሕፈቱ ይመዘገባል፣ ስፌቱ ይዘለላል።

ዘጌ ነገሩን ይበልጥ ያጎላዋል። በባሕረ ገብ መሬቱ ላይ በአቡነ በትረ ማርያም ትእዛዝ ነው በሚባለው ወግ መሠረት በበሬ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም፤ ሕዝቡ በቡና ይኖራል። የከብት ቆዳ የሚፈልግ ማኅደር ሁሉ እንግዲህ ከውጭ፣ ከየብሱ ገበያ በመጣ ቆዳ የተሠራ መሆን አለበት። ከገዳሙ አጥር ውጭ ያለው አራጅ፣ ነጋዴና አልፊ ሳይኖር የገዳሙ መጽሐፍ አይለብስም።

ምሁራንም ቢሆኑ ቸልታውን አላረሙትም። ኤርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1968 የጣናን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አነሣ፤ የመጀመሪያው የዝርዝር ቅጽ በ1973 ወጣ። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ በአሜሪካ ኮሌጅቪል ካለው የብራና መጻሕፍት ቤት ጋር በመተባበር የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ተጀመረ። ሁለቱም ትልቅ ውለታ ናቸው፤ ፊልሙ ግን የሚያነሣው ገጽን ነው፣ ማኅደር በዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ሆኖ ያልፋል። የጠፍሩ አካሄድ፣ የወስፌው ቀዳዳ ርቀት፣ የማንገቻው መተላለፊያ፣ ቆዳው የላም ወይም የፍየል መሆኑ ቢመዘገብ የአንዱን ሰፊ እጅ ከሌላው መለየት፣ የትኛው መጽሐፍ ከየትኛው ገዳም እንደመጣ መከታተልም ይቻል ነበር። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፦ ማስመሪያ፣ መብራትና ማኅደሩን ከኩላቡ አውርዶ ለማየት የሚፈቅድ የዕቃ ቤት ኃላፊ ይበቃሉ።