የሞተሩ ኮምፒውተር በፑኝዶ ሙቀት

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጅማ፣ በበደሌና በጎሬ በኩል ጋምቤላ የደረሰ መኪና ሌላ አየር ውስጥ ገብቷል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጋምቤላ ሜዳ ግን 500 ሜትር አካባቢ ነው። የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ይጨምራል። የቆላው ሙቀት አየሩን መልሶ ቢያሳሳውም፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር በአንድ ምት የሚስበው አየር አዲስ አበባ ላይ ከሚስበው ከ15 በመቶ በላይ ይበልጣል። አየር ሲጨምር ነዳጅም መጨመር አለበት። በካርቡሬተር ዘመን ይህን የሚያስተካክለው ካቻቢቴ የያዘ መካኒክ ነበር። ዛሬ ሾፌሩ ምንም ሳይነካ፣ ገና ቁልቁለቱ ላይ እያለ፣ አንድ ሳጥን ሒሳቡን ሠርቶ ይጨርሳል።

ይህ ሳጥን የሞተሩ መቆጣጠሪያ ነው፤ በጋራዥ ቋንቋ ኮምፒውተሩ። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ጋቢና ውስጥ፣ በተሳፋሪው በኩል ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ ተደብቆ ይቀመጣል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር አንዷ ዙር 20 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ትፈጃለች፤ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በዚህ ፍጥነት በሰከንድ 100 ጊዜ ያቀጣጥላል። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዷ ፍንዳታ የክራንክ ሻፍቱን አቀማመጥ፣ የገባውን አየር መጠን፣ የውሃውን ሙቀትና የእግር ነዳጁን አረጋገጥ አንብቦ፣ ኢንጀክተሩ ለስንት ጊዜ እንደሚከፈትና ካንዴላው መቼ እሳት እንደሚሰጥ ይወስናል። ቤንዚን ሞተር ላይ የሒሳቡ መነሻ ለ1 ኪሎ ነዳጅ 14.7 ኪሎ አየር ነው።

ፑኝዶ በጎግ ወረዳ፣ ከጋምቤላ ከተማ በአቦቦ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ የምትገኝ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ከድንበር ማዶ ከጦርነት የሸሹ ስደተኞች የሚኖሩበት መጠለያ አለባት፤ ስለዚህም የእርዳታ ድርጅቶች መኪኖች ይመላለሱባታል። በእርዳታ ሥራ ዓለም ለረጅም ጊዜ የተመረጠው መኪና ባለ 1ኤችዜድ ሞተሩ ላንድክሩዘር ነው። ይህ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር ያለው ናፍጣ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1990 የመጣ ሲሆን፣ ነዳጁን የሚመጥነው ሙሉ በሙሉ መካኒካል በሆነ ፖምፓ ነው። ኮምፒውተር የለውም፤ ስለዚህ የሚበላሽ ኮምፒውተርም የለውም። ምርጫው ብልህነት እንደነበር አምናለሁ፤ ዋጋም ግን አለው። የከፍታ ማካካሻ ያልተገጠመለት ፖምፓ ደጋ ሲወጣ የአየሩን መሳሳት አያውቅምና፣ የተትረፈረፈው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። አዳዲሶቹ ሃይሉክሶችና ሃይየሶች ደግሞ ናፍጣውን ከ1,300 ባር በላይ በሆነ ግፊት የሚረጩ ናቸው። ይህን ያለ ኮምፒውተር ማሠራት አይቻልም።

እንዲህ ያለ መኪና ፑኝዶ ላይ አልነሳ ሲል ነው ጉዳዩ የሚከብደው። የብልሽት ኮድ የሚያነብ ስካነር ቢገኝ እንኳ «ኮምፒውተሩ ሞቷል» የሚለው ፍርድ ቶሎ ይሰጣል። ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ ሳጥኑ አይታይም፣ አይከፈትም፣ ስለዚህ ሌላው ያልገባን ነገር ሁሉ በእሱ ላይ ይላከካል። ግን ኮምፒውተሩ ከመኪናው የኤሌክትሪክ ክፍሎች ሁሉ ዘላቂ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሌላው ሁሉ ንጹሕ መሆኑ ሳይረጋገጥ ከአዲስ አበባ ኮምፒውተር ማስመጣት፣ 800 ኪሎ ሜትር ከሚበልጥ መንገድ በኋላም መኪናው እዚያው ቆሞ እንዲቀር ማድረግ ነው።

ምርመራው የሚጀምረው ከባትሪው ነው። ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራና ዲናሞው ሲሞላ ከ13.5 እስከ 14.5። ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቴጁ ከ9.6 በታች ከወረደ ኮምፒውተሩ መሐል ላይ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል፤ ሞተሩ ይዞራል፣ ግን አይነሳም። ቀጥሎ የስካነሩ ሶኬት ይታያል። ከመሪው በታች ያለው ባለ 16 ቀዳዳው ሶኬት አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በሁሉም ቀላል መኪና ላይ ግዴታ ካደረገችው በኋላ በዓለም የተዛመተ ነው። 16ኛው ቀዳዳ የባትሪ ፖዘቲቭ፣ 4ኛውና 5ኛው ማሳ (የኔጋቲቭ መስመር) ናቸው። ስካነሩ ጭራሽ ካልበራ ችግሩ ምናልባት አንድ የተቃጠለ ፊውዝ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩን ገና አልደረስንበትም።

አሁን በኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ የሚገባውን ኃይል መለካት ነው፤ እዚህ ላይ ቴስተር ብቻውን ያታልላል። ከውስጡ አንዲት ክር ብቻ የቀረችበት የተበላ ሽቦ ላይ ቴስተር ሲደረግ 12 ቮልት ሙሉ ያሳያል፤ ቴስተሩ የሚፈልገው ኃይል ኢምንት ስለሆነ ነው። በዚያው ሽቦ ላይ የፍሬን መብራት አምፖል፣ 21 ዋት የሚፈልገው፣ ሲታሰር ግን አምፖሉ ይደበዝዛል ወይም ጨርሶ አይበራም። ይህን ፈተና የምወደው አምፖሉ ከማንኛውም አሮጌ መኪና ላይ ስለሚገኝ ነው። ማሳውም እንዲሁ በሥራ ላይ ይፈተናል፤ የቴስተሩ አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላው የኮምፒውተሩ ማሳ ላይ ሆኖ ሞተሪኖው ሲዞር፣ ከ0.1 ቮልት ብዙ ከበለጠ ማሳው ተበላሽቷል ማለት ነው። በጋምቤላ ክረምት፣ ጭቃና ውሃ በሚያቋርጥ መኪና ላይ፣ ከሻሲው ጋር በቡሎን የታሰረው የማሳ ሽቦ ከሥሩ ዝጎ መገኘቱ አያስገርምም። ቡሎኑን ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ኃይሉም ማሳውም ደህና ከሆኑ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ለሰንሰሮች የሚልከው 5 ቮልት መኖሩ ይታያል። ብዙ ሰንሰሮች ይህን አንድ መስመር ይጋራሉ፤ አንዱ ውስጡ ከተገናኘ መስመሩን ሁሉ ይጎትተዋል፤ ያኔ ኮምፒውተሩ የሞተ ይመስላል። ሰንሰሮቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ 5 ቮልቱን ማየት ነው። አንዱ ሲነቀል 5 ቮልቱ ከተመለሰ ጥፋተኛው እሱ ነው። በብዙ የቶዮታ ናፍጣዎች ላይ ደግሞ የኢንጀክተሮቹን ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርግ ኢዲዩ የሚባል ሌላ ሳጥን አለ፤ እሱ ሲበላሽም ኮምፒውተሩ ይወቀሳል። ስካነሩ ፒ0606 ወይም ፒ0601 ካለ ነው ጥርጣሬው በእርግጥ ወደ ኮምፒውተሩ የሚዞረው፤ የመጀመሪያው የአንጎለ ስሌቱን፣ ሁለተኛው የማስታወሻውን ብልሽት ይጠቁማል።

ኮምፒውተር በእርግጥ የሚሞትበት ጊዜም አለ፤ ሙቀት አንዱ ምክንያት ነው። በየካቲትና በመጋቢት የጥላው ሙቀት 40 ዲግሪ በሚነካበት አገር፣ ፀሐይ ላይ ተዘግቶ የቆመ መኪና ውስጡ ከ60 ይዘላል። በአሮጌ ኮምፒውተሮች፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የጃፓን መኪኖች ላይ፣ ፈሳሽ ያላቸው ካፓሲተሮች ይገኛሉ። የእነዚህ ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግማሽ እንደሚቀንስ መሐንዲሶች በልምድ ያሰላሉ። ሳጥኑ ሲከፈት ከካፓሲተሩ ሥር አረንጓዴ ዝገት ይታያል፣ የበሰበሰ ዓሣ የመሰለ ሽታም ይወጣል፤ ፈሳሹ ቀጫጭኖቹን የመዳብ መስመሮች በልቷቸዋል። ጉዳቱ ካልሰፋ ካፓሲተሩን ነቅሎ አዲስ መበየድ ሙሉውን ሳጥን ከመተካት ያድናል። ቀትር ላይ ጠፍቶ ማታ የሚነሳ መኪና ግን ተጠንቅቆ ይታይ፤ የተሰነጠቀ ብየዳ ሲሞቅ እንዲህ ያደርጋል፣ የክራንክ ሻፍት ሰንሰርም ልክ እንዲሁ ያደርጋል። ሰንሰሩ ርካሽ ነውና መጀመሪያ እሱ ይፈተን።

ሌሎቹ ገዳዮች የሰው እጅ ናቸው። ባትሪው የሞተበትን ባለ 12 ቮልት መኪና ከባለ 24 ቮልት አይሱዙ ላይ በኬብል ማስነሳት፤ ባትሪ ሳይፈታ ሻሲ መበየድ፤ የፊት መስታወቱ ጎማ አርጅቶ የዝናቡ ውሃ በዳሽቦርዱ ጀርባ ሲንጠባጠብ ችላ ማለት። ሦስቱም በገጠር መንገድ ላይ የሚያጋጥሙ ናቸው።

ኮምፒውተሩን መተካቱ በመፍቻ በኩል ቀላል ነው፤ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታል፣ ሶኬቶቹ ይነቀላሉ፣ ጥቂት ቡሎኖች ይወጣሉ። ችግሩ ማንነት ላይ ነው። ቶዮታ ኮምፒውተሮቹን በ89661 የሚጀምር ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ ቀጥሎ ያሉት አምስት ቁጥሮች ወይም ፊደላት ካልተገጣጠሙ ሶኬቱ ቢገባም ሞተሩ፣ ካምቢዮው ወይም የአገሩ ደረጃ ላይስማማ ይችላል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ላይ ያገለገለ የሚፈልግ ሰው የሞዴሉን ስም ሳይሆን ይህን ቁጥር በስልክ ፎቶ ይዞ መሄድ አለበት።

ቁጥሩ ገጥሞም መኪናው ተነስቶ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ይህ ብልሽት ሳይሆን የስርቆት መከላከያ ነው፤ ቁልፉ ውስጥ ያለችው ቺፕ ለአዲሱ ሳጥን እንግዳ ናት። በብዙ ቶዮታዎች ላይ በስካነሩ ሶኬት 4ኛውንና 13ኛውን ቀዳዳ በሽቦ አገናኝቶ፣ ቁልፉን ከፍቶ 30 ደቂቃ መተው ኮምፒውተሩንና የቁልፉን መቆጣጠሪያ ያስተዋውቃል። ሽቦው 16ኛውን እንዳይነካ መጠንቀቅ ግድ ነው። በሌሎች መኪኖች ላይ ይህ አይሠራም፤ ያኔ ከአሮጌው ኮምፒውተር ማስታወሻ፣ ስምንት እግር ካላት ትንሽ ቺፕ፣ መረጃው ተነቦ ወደ አዲሱ ይገለበጣል። ናፍጣ መኪና ላይ በየኢንጀክተሩ ራስ ላይ የታተመው መለያ ኮድም መግባት አለበት፤ ካልገባ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ያጨሳል።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር ሌላ ወደ አገር እንደማይገባ አስታውቋል። በነዳጅ የሚሠሩት መኪኖች ስለዚህ ገና ለብዙ ዓመት መጠገን አለባቸው፤ የሚተኩባቸው ኮምፒውተሮችም አብዛኞቹ ከሌላ መኪና የተፈቱ ይሆናሉ። በዚህ ምክንያት የሞተውን ሳጥን መጣል ወይም ለሻጭ በምትክ መስጠት አይገባም። ኃይል የሚሰጠው ክፍል ቢቃጠልም የማስታወሻዋ ቺፕ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ናት፤ የመኪናው መለያና የቁልፉ ኮድ ያሉት እሷ ውስጥ ነው። በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ቁጥሩን ጽፎ፣ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ነው።