ሕፃናትን ክፉውን እምቢ ማለትንም እናስተምራቸው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሁርሶ፣ በድሬዳዋና በአካባቢው የምንኖር ምእመናን ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲደርስ ስለታችንን ይዘን፣ ልጆቻችንን አስከትለን ወደ ቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል እንወጣለን። የታኅሣሡ በዓል ሠለስቱ ደቂቅ ከእቶነ እሳት፣ የሐምሌው ደግሞ ሕፃኑ ቅዱስ ቂርቆስና እናቱ ቅድስት ኢየሉጣ ከፈላው ውኃ የዳኑበት መታሰቢያ ነው። በሁለቱም በዓላት መልአኩ ከጥፋት ያዳናቸውን ልጆች እናስባለን። እነዚህ ልጆች ግን ከመዳናቸው አስቀድሞ ክፉውን ትእዛዝ እምቢ ብለዋል። ሠለስቱ ደቂቅ ንጉሡ ላቆመው ጣዖት አልሰገዱም፤ የሦስት ዓመቱ ቂርቆስም በመኰንኑ ፊት እምነቱን መሰከረ፣ የፈራች እናቱንም አጸና።

እኛ ልጆቻችንን ከሁሉ አብልጠን የምናስተምራቸው መታዘዝን ነው። ታላቅ ሲናገር ዝም በል፣ የተላክኸውን አድርስ፣ የሰጡህን ተቀበል እንላለን። ይህ መልካም ሥርዓት ነው። ሆኖም ታዛዥነት ብቻ የተማረ ሕፃን፣ የሚያዝዘው ታላቅ ክፉ በሆነ ጊዜ የሚመልሰው ቃል ያጣል።

መታዘዝ ወሰን አለው

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲታዘዙ ሲያስተምር መታዘዛቸው በጌታ እንዲሆን ወስኖታል፤ ወዲያውም አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ አዝዟል (ኤፌ. 6፥1-4)። ስለዚህ ወደ ኀጢአትና ወደ ጉዳት የሚመራ ትእዛዝ የሚታዘዙት ትእዛዝ አይደለም።

መጽሐፈ ሶስናም ሌላ ነገር ያስተምረናል። ሶስናን ለኀጢአት ያስገደዷት እንግዶች አልነበሩም፤ በሕዝቡ ዘንድ የተከበሩ ሁለት ፈራጆች ነበሩ። እርስዋ ጮኸች፤ ሕዝቡ ግን የሽማግሌዎቹን ክብር አይቶ አመናቸው። እውነቱ የተገለጠው ወጣቱ ዳንኤል ሁለቱን ለየብቻ በመረመረ ጊዜ ነው። ዛሬም ሕፃናትን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ የሚያምነው፣ ልጁም የሚያውቀው ሰው ነው። እንደ ሁርሶ ባሉ፣ ከየአገሩ ለሥራ የመጡ ቤተሰቦች ከአያትና ከአክስት ርቀው በሚኖሩባቸው ቦታዎች ልጅን ለጎረቤት አደራ ማለት የግድ ይሆናል። አደራው የተቀደሰ ነው፤ ነገር ግን የልጁን አንደበት የሚዘጋ መሆን የለበትም።

ሕጉ ምን ይላል?

የ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት ከጉልበት ብዝበዛ እንዲጠበቁ፣ በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማትም ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። የአብነት ትምህርት ቤትም ትምህርት ቤት ነው። በድሬዳዋ የሚሠራበት የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል። አገራችን በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 19 ሕፃናት ከአካላዊና ከአእምሯዊ ጥቃት ሁሉ እንዲጠበቁ ያዝዛል። ልጆቻችን ይህን እንደ ዕድሜያቸው ሊያውቁት ይገባል።

ልጆቻችንን ምን እናስተምራቸው?

1. ሰውነታቸው የከበረ መሆኑን። ሕፃኑ በ40፣ ሕፃኗ በ80 ቀን ተጠምቀው በቅዱስ ሜሮን ሲታተሙ ሰውነታቸው የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ሆኗል። ስለዚህ የተሸፈነውን የሰውነት ክፍላቸውን ማንም ለክፋት ሊነካው እንደማይገባ በግልጽ ቃል፣ ያለ ማሳፈር እንንገራቸው። ለማጠብና ለሕክምና የሚደረገውንም ለይተን እናስረዳቸው።

2. ክፉ ምሥጢር መጠበቅ እንደሌለበት። ለእናትህ እንዳትነግር የሚል ሰው ከረሜላም ቢሰጥ፣ ቢያስፈራራም የሚለው ሊነገርበት ይገባል።

3. እምቢ ማለትን፣ መጮኽንና መሸሽን። ይህን ቢያደርጉ ባለጌ እንደማይባሉ ከእኛ አፍ ይስሙ። መጮኽ ያልቻለ ልጅም ጥፋተኛ እንዳልሆነ እንንገራቸው።

4. የሚነግሩትን ሰው። እናትና አባት፣ የክርስትና እናት ወይም አባት፣ መምህር፤ አንዱ ባይሰማቸው ለሌላው እንዲናገሩ እናስተምራቸው። ከዚህ ሕግ ውጭ የሆነ ሰው የለም፤ ጎጂው ዘመድ ቢሆን፣ መምህር ቢሆን፣ እንደ እኛ ዲያቆን ወይም ካህን ቢሆንም ይነገርበት።

ወደ በዓል ስንወጣም የወላጆቻቸውን ሙሉ ስምና የመጡበትን ሰፈር እንዲያውቁ፣ ከጠፉም በቆሙበት ቆይተው ፖሊስን ወይም የበዓሉን አስተናጋጆች እንዲጠይቁ አስቀድመን እናለማምዳቸው።

ልጁ ሲናገር

ከሁሉ የሚከብደው የእኛ ድርሻ ነው። ልጁ በተናገረ ጊዜ የምናሳየው ፊት ዳግመኛ መናገሩን ወይም ለዘለዓለም ዝም ማለቱን ይወስናል። ስለዚህ እንስማው፣ እንመነው፣ ለምን ሄድክ ብለን አንውቀሰው፤ ደግመን ደጋግመንም አንመርምረው። ጥቃቱ በአካል ከደረሰ ልብሱን ሳናጥብ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም እንውሰደው፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሰጠው በ72 ሰዓት ውስጥ ነውና። ለፖሊስም እናመልክት። እንዲህ ያለውን በደል በሽምግልናና በካሳ ሸፍኖ፣ ልጁን ከበዳዩ ጋር በአንድ ግቢ ማኖር ዕርቅ አይባልም። ለበዳዩ የንስሐ በር ክፍት ነው፤ ንስሐው ግን ሕፃኑን ለዳግም ጥቃት አሳልፎ የሚሰጥ፣ ከፍርድም የሚያስመልጥ መሸሸጊያ አይደለም።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ጌታችን ከታናናሾቹ አንዱን የሚያሰናክል ሰው የወፍጮ ድንጋይ በአንገቱ ታስሮ በባሕር ቢሰጥም እንደሚሻለው አስተምሯል (ማቴ. 18፥6)። ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን የቅዱስ ቂርቆስን ዜና ለሕፃናት ሲተርኩ ይህንንም ትምህርት ቢያክሉበት መልካም ነው፤ ወላጆችም ዛሬ ማታ ከራት በኋላ ሊጀምሩት ይችላሉ። ስለ ሕፃናቱ የምንሳለው ስለት የሚሠምረው ድምፃቸውን ስንሰማም ጭምር ነውና።

የቅዱስ ገብርኤል ተራዳኢነት፣ የቅዱስ ቂርቆስና የእናቱ ጸሎት ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር