መዳብና አሉሚኒየም ለምን አይስማሙም?

ከምሰሶ ወደ ቤታችን የሚመጣው የኤሌክትሪክ መስመር ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ነው። በግድግዳ ውስጥ ያለፈው ሽቦ ደግሞ መዳብ። ሁለቱ የሆነ ቦታ ላይ መገናኘታቸው አይቀርም። ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ቀላል ነው፤ መብራቱም ወዲያው ይበራል። ጣጣው የሚመጣው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ነው፦ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ መገጣጠሚያው ይግላል፣ ናስትሮው ይቀልጣል። ሲብስም ቤት ይቃጠላል። ግን ለምን?

አንደኛው ምክንያት የአሉሚኒየም ቆዳ ነው። አሉሚኒየም አየር እንደነካው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይለብሳል፤ ይህ ሽፋን ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያላቸውን ሁለት ዘንጎች በ50 ዲግሪ ብናሞቃቸው አሉሚኒየሙ 1.15 ሚሊ ሜትር፣ መዳቡ ግን 0.85 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። በዚያ ላይ አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ ተጨቁኖ ሲቆይ ቀስ በቀስ ቅርጹን ይለውጣል። በየቀኑ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ እስሩ ይላላል። ሲላላ የበለጠ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ የበለጠ ይላላል።

ሦስተኛው እርጥበት ነው። ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች ተነካክተው ውሃ ሲያገኛቸው ምን ይፈጠራል መሰላችሁ? ትንሽ ባትሪ! ኤሌክትሮን በቀላሉ የሚለቀው ይበላል፣ ሌላው ይተርፋል። ከመዳብ ጋር ሲጣመር ተበዪው አሉሚኒየም ነው፤ ብረትም ቢሆን ያው ነው።

ይህን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ18ኛው ክፍለ ዘመን በኪሳራ ተምሮታል። በ1761 እ.ኤ.አ. «አላርም» የተባለችውን መርከብ የእንጨት ሆዷን ከባሕር ትል ለማዳን በመዳብ ለበጧት። በኋላ ሲመረምሯት መዳቡን የያዙት የብረት ሚስማሮች ተበልተው አገኟቸው። የሚገርመው፣ መዳቡ የተጠቀለለበት ወረቀት ሳይነሳ የቀረባቸው ቦታዎች ላይ ሚስማሮቹ ደህና ነበሩ። ወረቀቱ ሁለቱን ለያይቷቸው ነበር ማለት ነው።

በ1886 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የኒውዮርኩ የነፃነት ሐውልትም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ቆዳው መዳብ፣ አጽሙ ብረት ነው። ሠሪዎቹ አደጋውን ስላወቁ በመካከላቸው በሼላክ የተነከረ አስቤስቶስ አደረጉ። መለያው በዘመን ብዛት ሲያረጅ ግን ብረቱ ዛገ። በ1980ዎቹ በተደረገው እድሳት ቆዳውን የያዙት የብረት ዘንጎች በማይዝግ ብረት ተተኩ፤ በመካከልም ቴፍሎን ገባ።

«ታዲያ ለምን አንበይዳቸውም?» ትሉ ይሆናል። አሉሚኒየም በ660፣ መዳብ በ1085፣ ብረት ደግሞ በ1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣሉ። አሉሚኒየምን ከብረት ጋር በተራ ብየዳ አብረን ብናቀልጥ ሁለቱ ተዋህደው እንደ ሸክላ ተሰባሪ የሆነ ውህድ ይፈጥራሉ። ስለዚህ ሳያቀልጡ ማጣበቅ ይመረጣል። ለምሳሌ ሁለቱን በኃይል እያፋተጉ በግፊት ማያያዝ ይቻላል። የአሉሚኒየም ፎቅ በብረት ሆድ ላይ የሚሠራላቸው መርከቦች ደግሞ በፈንጂ ግፊት የተጣበቀ ድርብ ሳህን ይገባላቸዋል፤ አሉሚኒየሙ ከአሉሚኒየም፣ ብረቱ ከብረት ጋር ይበየዳል።

ሌላው ዘዴ የሚያያዙት ነገሮች ሳይቀልጡ፣ ከእነሱ በታች በሆነ ሙቀት የሚቀልጥ ሌላ ብረት በመካከላቸው ማፍሰስ ነው። የፍሪጅ ቱቦዎች የሚያያዙት እንዲህ ነው። እዚህም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ለመዳብ ቱቦ የሚሆነው ፎስፈረስ ያለው ዘንግ በብረት ላይ ተሰባሪ መጋጠሚያ ይፈጥራል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ለመዳብና ለአሉሚኒየም ተብሎ የተሠራ ማገናኛ አለ፤ አንዱ ጎኑ አሉሚኒየም፣ ሌላው መዳብ የሆነ፣ ወይም ሁለቱ ሽቦዎች ሳይነካኩ ለየብቻ በብሎን የሚጠብቁበት። ባለሙያው የአሉሚኒየሙን ጫፍ ፍቆ ኦክሳይድ የሚከላከል ቅባት ይቀባዋል፣ ብሎኑን በልኩ ያጠብቀዋል፣ ከዝናብም ይሸፍነዋል። ቆጣሪያችሁ አካባቢ የተቃጠለ ጎማ ከሸተታችሁ ወይም መገጣጠሚያው ጠቁሮ ካያችሁት ግን በእጃችሁ አትንኩት። መብራቱን ከዋናው ማብሪያ አጥፉና ባለሙያ ጥሩ። ሲመጣም አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ይሄ ማገናኛ ለሁለቱም ይሆናል?»