የደሴቱ እስረኛና የማንኩሳው ልጅ

ከጅጋ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ ማንኩሳን ሳይረግጥ አያልፍም። የኢትዮጵያ አንባቢ ግን ማንኩሳን የሚያውቃት ገና ሳያያት ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ዋና ገጸ ባሕሪውን በዛብህን የወለደው እዚህ ነው። መጽሐፉን ያላነበበውም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አድምጦታል፤ ፊደል ያልቆጠሩ አረጋውያን ሳይቀሩ በዛብህን እንደ ጎረቤት ልጅ ያነሡታል።

ብዙ ሰው ይህን ልቦለድ የፍቅር ታሪክ ብቻ አድርጎ ያየዋል። እኔን ሲያብሰለስለኝ የኖረው ግን መንገዱ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከቤቱ የወጣ ሰው ነፍሱን በእጁ ይዞ ነው የሚሄደው። በዛብህ ከዲማ ሸሽቶ አዲስ አበባ ይገባል፤ ፍቅረኛው ሰብለ ወንጌል ማንነቷን ሸሽጋ እርሱን ፍለጋ ትወጣለች። ድካሙ፣ ሥጋቱ፣ የመሸበት እንግዳ ጭንቀት እንዲህ ከአጥንት ዘልቆ የሚሰማው ደራሲው ከየት ቢያመጡት ነው?

ፍለጋው የሚጀምረው ከትውልድ ቦታቸው ነው። ሀዲስ የተወለዱት ማንኩሳ ሳይሆን ደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው፤ ዘመኑም 1902 ዓ.ም.። ስለዚህ የበዛብህ ቀዬ የደራሲው ቀዬ አይደለም። ሁለቱ የሚገናኙት በትምህርቱ በኩል ነው። ሀዲስ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። በዛብህ በቅኔው የተከበረበት፣ ከሰብለ ወንጌል ጋር የተገናኘበት ዲማ፣ ደራሲው ራሳቸው የኖሩበት ደብር ነው።

የቆሎ ተማሪ ሕይወት ምን እንደሚመስል ጎጃም ያደገ ሁሉ ያውቃል። ለምድ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ለውሻ መመከቻ ዱላ ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ማለት ነው። ቀን ቅኔ ቆጠራ ጫካ ይገባል፤ ማታ ጭራሮ በመሰለች ጎጆ ውስጥ ከብርድ ጋር ይታገላል። መምህር ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር በእግሩ ይዘዋወራል፤ ክረምት ሲሆን ወንዝ ሞልቶ መንገድ ይዘጋበታል። ይህ ልጅ ከሁሉ በፊት የሚማረው በር ማንበብን ነው፤ የትኛው ቤት እንደሚሰጥ፣ የትኛው ውሻውን እንደሚለቅ፣ የትኛዋ እናት «ና ግባ፣ ልጄ» እንደምትል።

ከዚያ ደግሞ ዓባይ አለ። ከጎጃም ወደ ሸዋ የሚሻገር ሰው አንድ ሺህ ሜትር ከሚያልፍ ከፍታ ወርዶ መልሶ ያንኑ ይወጣል። በወንዙ ላይ ድልድይ ከመሠራቱ በፊት ሙላቱ፣ ሐሩሩ፣ ንዳዱና ሽፍታው ስለሚያሰጉ ሲራራ ነጋዴ ተሰባስቦ ነበር በረሃውን የሚያቋርጠው። ሀዲስም ዘመናዊ ትምህርት ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ የትውልድ አገራቸው ከመሀል አገር የሚለየው በዚህ ገደል ነበር።

እስከዚህ ድረስ መልሱ የተሟላ ይመስላል። የደራሲውን ሕይወት ወደፊት ስንከተለው ግን ከዚህ ሁሉ የከበደ ነገር ይመጣል። ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር ሀዲስ ከራስ እምሩ ጋር በሽሬ ግንባር ዘመቱ። ጦሩ ከተፈታ በኋላም አብረው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አፈገፈጉ፤ በ1929 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተማረኩ። ከዚያ ወደ ጣሊያን ተጋዙ፤ በፖንዛ፣ ኋላም በሊፓሪ ደሴት ታሰሩ። ነጻ የወጡት የተባባሪዎቹ ኃይሎች በ1943 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጣሊያን ሲገቡ ነው።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው የሚገለበጠው። እንግሊዛዊው ዳንኤል ዲፎ በ1719 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በደሴት ላይ ብቻውን የቀረ ሰው ታሪክ የሆነውን «ሮቢንሰን ክሩሶ»ን ሲያሳትም እርሱ ራሱ በደሴት ላይ ተጥሎ አያውቅም ነበር። አሌክሳንደር ሴልከርክ የተባለ መርከበኛ በፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴት ላይ ከአራት ዓመት በላይ ብቻውን ኖሮ መመለሱ በጊዜው ብዙ የተወራ ታሪክ ስለነበር፣ የልቦለዱ መነሻ ያ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። የእኛ ደራሲ ግን በባሕር መካከል በእርግጥ ታስረዋል። ሆኖም ትልቁን ልቦለዳቸውን ሲጽፉ ወደ ደሴቱ አልሄዱም፤ የተመለሱት ወደ ጎጃም መንገድ ነው። ጦርነቱን ለብቻው ለይተው «ትዝታ» በተሰኘው መጽሐፍ ተረኩት፤ እርሱም በ1985 ዓ.ም. ታተመ።

ለምን ይሆን? እኔ የደረስሁበት ይህ ነው። የክሩሶ ታሪክ ሰው ብቻውን ከተፈጥሮ ጋር የሚያደርገው ትግል ነው። በደጅ ልመና ያደገ የጎጃም ተማሪ ግን ብቻውን መትረፍ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የተረፈው ሌላው ሰው በሩን ስለከፈተለት ነው። በልቦለዱም በዛብህን የጣለው የዓባይ ሙላት ወይም የበረሃው አውሬ አይደለም፤ መንገድ ላይ ያገኙት ወንበዴዎች እጅ ነው። ሲያጣጥር የደረሰችለትም ሰው ናት፤ የምትወደው ሰብለ ወንጌል። ገደሉም ወንዙም ያስፈራሉ፣ ሞትና ሕይወት ግን ከሰው ነው የሚመጡት።

እንግዲህ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ለሚጽፉ ወጣቶች ሥራው ቅርብ ነው። ሙላት የተሻገሩ፣ በጦርነት ጊዜ ጫካ ያደሩ፣ በቆሎ ተማሪነት አገር ያቋረጡ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። ሄዳችሁ ስትጠይቋቸው ስለ አውሬውና ስለ ገደሉ ብቻ አታስወሯቸው። ያን ቀን በሩን ማን እንደከፈተላቸው፣ ማንስ እንደዘጋባቸው ጠይቁ፤ ልቦለዱ ያለው እዚያ ነው።